“ጨጓራ ነው” እየተባለ የሚታለፈው የአንጀት ሕመም

ከቶኔ በ12 ቁጥር ትራም ተሳፍሮ ወደ ጄኔቫ መሐል ከተማ ለሚወርድ ጤነኛ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ ጋዜጣውን ገልጦ ሳይጨርስ ይደርሳል። የአንጀት መቆጣት ሕመም ላለበት ሰው ግን ያቺው መንገድ ከአዲስ አበባ ጎንደር ትርቅበታለች። የትኛው ፌርማታ አጠገብ መጸዳጃ ያለው ካፌ እንዳለ፣ የትኛው ካፌ ሳይገዙ እንደማያስገባ በቃሉ ያውቃል። ከቤት መውጣት ያለበት ቀን ቁርስ አይቀምስም። ሠርግ ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ልቅሶ ቤት ሲሄድ ቶሎ ብሎ ይነሳል። ዘመድ ወዳጅ “ምነው እንዲህ ከሳህ?” ሲለው “ጨጓራዬ ነው” ብሎ ያልፈዋል። ስለ ሰገራ በሰው ፊት ማውራት ነውር ነውና ነገሩ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ይሆናል።

እንደሚታወቀው በአበሻ ቤት ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ አሜባ ወይም ጃርዲያ ይባላል፤ ከአገር ቤት የመጣው የሜትሮኒዳዞል ክኒን ከመሳቢያ ወጥቶ ይዋጣል። አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ይሁንና ተቅማጡ ሳምንታት አልፎት፣ ደም ቀላቅሎ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ፣ ክብደት እየቀነሰ፣ አልፎ አልፎ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም እየጨመረ ከሄደ ጉዳዩ ከአሜባ በላይ ሊሆን ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለት በሽታዎች፣ ብዙ ስሞች

ሐኪሞች የአንጀት መቆጣት ወይም የአንጀት ብግነት የሚሉት በዋናነት ሁለት በሽታዎችን ነው። አንደኛው ክሮን ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1932 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ካሳተመው ከዶክተር ቡሪል ክሮን ነው። ክሮን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ቦታ ሊነሳ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው ግን የትንሹ አንጀት ጫፍ ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ ከውስጥ እስከ ውጭ ዘልቆ ያቆስላል፣ መተላለፊያውን ያጠብባል፣ አንዳንዴም አንጀትን ከሌላ አንጀት ወይም ከቆዳ ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ ይፈጥራል። ሐኪሙ ይህን ቀዳዳ ፊስቱላ ሲለው የሚደነግጡ እናቶች አሉ፤ አገር ቤት ፊስቱላ ሲባል የሚታወቀው በተራዘመ ምጥ የሚመጣው ነውና። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መነሻው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ትልቁን አንጀት ብቻ የሚያቆስለው ኮላይቲስ ነው። ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የውስጠኛውን ሽፋን ብቻ ይልጣል፤ ዋና ምልክቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው። ጄኔቫ ያለ ሐኪም “ማላዲ ደ ክሮን” እና “ሬክቶኮሊት” ብሎ ይጽፋል፤ ዙሪክ ያለው “ሞርቡስ ክሮን” እና “ኮሊቲስ ኡልሴሮዛ” ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቋንቋ ቢለያይም በሽታው ያው ነው። “ኮሎን ኢሪታብል” ወይም “ራይዝዳርም” ከሚባለው ጋር ግን መምታታት የለበትም። ያ አንጀትን ያስጨንቃል እንጂ አያቆስልም። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ በሰገራ ናሙና ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የተባለውን ንጥረ ነገር መለካት። መጠኑ ከፍ ካለ ኮሎኖስኮፒ ይከተላል፣ ከአንጀቱም ናሙና ይወሰዳል።

ሁለቱም በሽታዎች የሚነሱት ብዙ ጊዜ በወጣትነት ዕድሜ ነው። ይረግባሉ፣ ደግሞ ያገረሻሉ። ከሥር ነቅሎ የሚያድናቸው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ በቁጥጥር ሥር የሚያውላቸው ግን በርካታ ነው።

ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም

የአንጀት መቆጣት የፈረንጅ በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። በእርግጥም ለረጅም ዘመን በብዛት የታየው በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ነው። ኢትዮጵያውያንን በሚመለከት ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ታሪክ አለ፤ የተገኘውም ስዊዘርላንድ ወይም አዲስ አበባ ሳይሆን እስራኤል ውስጥ ነው።

በዘመቻ ሙሴ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ገቡ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። አብዛኞቹ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር የመጡ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሐኪሞች ያዩባቸው የነበረው የሚጠበቀውን ነው፤ የሆድ ትል፣ ወባ፣ ቲቢ የመሳሰለውን። ክሮንን የጠበቀ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። በ2015 ዶክተር አሪኤላ ባር-ጊል ሺትሪትና ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አሳተሙ። ወደ እስራኤል በፈለሱት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች መካከል ክሮን እንደ አዲስ እየበቀለ ያለ በሽታ መሆኑን አስረዱ። ሕሙማኑ በሽታው የተገኘባቸው እዚያ አገር ገብተው ዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። የሰው ዘረመል በአንድ ትውልድ ውስጥ አይለወጥም። ከጎንደር የተነሳው ሰውና ኢየሩሳሌም የታመመው ሰው አንድ ሰው ነው። የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃው፣ መድኃኒቱ፣ የአኗኗሩ ሁኔታ ነው።

ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ዕጣ አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት በስደተኞች ላይ የተደረገና በዚያው በ2015 የወጣ ጥናት፣ ሰው በለጋ ዕድሜው በፈለሰ መጠን በአንጀት መቆጣት የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለአንዳንድ ወገኖች፣ ለምሳሌ ለደቡብ እስያውያን፣ እዚያው የተወለዱት ልጆቻቸው ሥጋት ከአገሬው ልጆች ጋር ተስተካክሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው በሃምሳ ዓመቱ የመጣውን አባት ሳይሆን ቶኔ ወይም ዙሪክ ተወልዶ አሁን ሊሴ ወይም ጂምናዚየም የሚማረውን ልጁን ነው። አባት “እኛ አገር ይህ በሽታ የለም” ሲል አልዋሸም። ልጁ ያደገው ግን አባቱ ባደገበት አገር አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ተመራማሪዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በአንጀት ውስጥ በሚኖሩት እልፍ አእላፍ ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ ነው። በ2018 ከታይላንድና ከአካባቢው ወደ አሜሪካ ሚኒሶታ በፈለሱ የሞንግና የካረን ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ስደተኛው አሜሪካ በገባ በወራት ውስጥ የአንጀቱ ተሕዋስያን መልክ ይለወጣል። የእህልና የቅጠላ ቅጠል ጭረትን የሚያብላሉት እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ላይ ደግሞ የባሰ ይሆናል። በዚህ ላይ በሕፃንነት ዘመን የተወሰደ የአንቲባዮቲክ ብዛት፣ የእናት ጡት አለመጥባት፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ይታከላል። በ2015 በአይጦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ የታሸጉ ምግቦች ዘይትና ውኃቸው እንዳይለያይ የሚጨመሩባቸው አንዳንድ ማዋሃጃዎች የአንጀትን መከላከያ ንፍጥ እያሳሱ ለቁጣ እንደሚዳርጉ አሳይቷል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በሰዎች ላይ ምርመራው ቀጥሏል።

ከዚህ ተነስቶ ጤፍ መድኃኒት ነው ወደሚል ድምዳሜ መሮጥ ስህተት ነው። እስራኤል ውስጥ ከታመሙት መካከል እንጀራ ሲበሉ ያደጉ አሉ። ሲጋራ ግን ክርክር የለበትም፤ ክሮንን ያባብሳል፣ ቀዶ ሕክምናንም ያፋጥናል። ክሮን ያለበት ሰው ራሱን ሊረዳ ከሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ማጨስ ማቆምን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ቲቢ ወይስ ክሮን?

ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። ስዊዘርላንድ የተማረ ሐኪም ስለ ክሮን ብዙ አይቷል፣ ስለ አንጀት ቲቢ ግን ጥቂት። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የትንሹ አንጀትና የትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፤ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ አንጀት ያጠብባሉ። በአጉሊ መነጽር የሚታየው ናሙና እንኳ አንዳንዴ አይለያቸውም።

መሳሳቱ ዋጋ ያስከፍላል። ቲቢ ያለበትን ሰው ክሮን ነው ብሎ ኮርቲዞን መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን እንደ ማፍሰስ ነው። ክሮን ያለበትን ሰው ቲቢ ነው ብሎ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ማስዋጥ ደግሞ አንጀቱ እየጠበበ እንዲሄድ ጊዜ መስጠት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ሊነግር የሚገባው ነገር አለ። የት ተወለደ? ከአገር ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? በቤተሰብ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር? በጉዞ ላይ፣ ሱዳን ወይም ሊቢያ፣ በተጨናነቀ ቦታ ቆይቷል? ይህን ሲጠየቁ “የመኖሪያ ፈቃዴ ይነካብኝ ይሆን?” ብለው የሚደብቁ አሉ። ሐኪም ግን በሙያ ምስጢር ሕግ የታሰረ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የተኛ ቲቢ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ የቲቢ ተሕዋስ ገብቶበት ሳይታመም ይኖራል። የሰውነት መከላከያው ተሕዋሱን አጥር ሠርቶ አስሮታል። በ2001 እንደታወቀው፣ ኢንፍሊክሲማብን የመሳሰሉ የመከላከያ ኃይልን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ይህንን አጥር ሊያፈርሱት ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራና የደረት ራጅ የግድ ሆኗል። የተኛ ቲቢ ከተገኘ አስቀድሞ የመከላከያ ሕክምና ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው ዋናው መድኃኒት የሚጀመረው። “ቲቢ አለብህ” ተባልኩ ብሎ ቀጠሮ የሚያቋርጥ ሰው ሁለቱንም ሕክምና ያጣል። የተኛ ቲቢ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

ከዚሁ ጋር የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) እና የሆድ ትል መመርመር አለበት። በተለይ ስትሮንጊሎይድስ የተባለው ትል ለዓመታት ተደብቆ ይኖርና ኮርቲዞን ሲጀመር በአካል ውስጥ ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። ከአገር ከወጣ 20 ዓመት ያለፈው ሰውም ቢሆን ምርመራውን መጠየቅ ይችላል።

ከሰልፋሳላዚን እስከ ባዝል

የሕክምናው ታሪክ አጭር ነው ማለት ይቻላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስቶክሆልም ውስጥ ዶክተር ናና ስቫርትስ ለመገጣጠሚያ ሕመም ብላ ያሠራችው ሰልፋሳላዚን ለኮላይቲስ ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። በ1955 የኦክስፎርዶቹ ትሩላቭና ዊትስ ኮርቲዞን ድንገት የሚነሳውን ኮላይቲስ እንደሚያበርድ በሙከራ አረጋገጡ። ኮርቲዞን ዛሬም ያገለግላል፤ ግን እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፣ ጠርቶ እሳት ማጥፋት እንጂ ቤት ውስጥ ማኖር አይገባም። ሲቆይ ፊት ያብጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳር ይወጣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1998 ነው። በዚያ ዓመት ኢንፍሊክሲማብ ለክሮን በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ይህ ባዮሎጂክ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚመረት፣ ቲኤንኤፍ የተባለውን የቁጣ መልእክተኛ እየያዘ የሚያከሽፍ ፀረ-አካል። ከዚያ አዳሊሙማብ ተከተለ። በ2014 ደግሞ ቬዶሊዙማብ መጣ። ይህኛው በአብዛኛው የሚሠራው አንጀት ላይ ብቻ በመሆኑ የቀረውን የሰውነት መከላከያ ብዙ አይነካም፤ የቲቢ ሥጋት ላለበት ሰው ሐኪሞች የሚያስቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ2019 የወጣ የፊት ለፊት ውድድርም ኮላይቲስ ባለባቸው ላይ ከአዳሊሙማብ በልጦ አሳይቷል። ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ በሽታው የረገበላቸው በቬዶሊዙማብ ከመቶ 31፣ በአዳሊሙማብ ከመቶ 23 ገደማ ነበሩ። ቁጥሩን ልብ ላለው አንባቢ ሌላም ነገር ይናገራል፤ አሸናፊው መድኃኒት እንኳ ከሦስት ሰው ለሁለቱ አልበቃም። አዳዲስ መድኃኒቶች ያለማቋረጥ የሚፈለጉት ለዚህ ነው።

ባለፉት ዓመታት የመጡት በሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ኢንተርሉኪን 23 የተባለውን መልእክተኛ የሚያግዱት መርፌዎች ናቸው፤ ሪሳንኪዙማብ ለክሮን በ2022፣ ሚሪኪዙማብ ለኮላይቲስ በ2023፣ ጉሰልኩማብ ለኮላይቲስ በ2024፣ ለክሮን በ2025 ፈቃድ አግኝተዋል። ሌላው ወገን በአፍ የሚዋጡት ክኒኖች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቶፋሲቲኒብ (2018) እና ኡፓዳሲቲኒብ (2022) በሕዋስ ውስጥ ያለውን የቁጣ ማብሪያ ያጠፋሉ። ፈጣን ናቸው፤ አንዳንዱ ሰው በቀናት ውስጥ ለውጡን ያየዋል። ግን የደም መርጋትና የአልማዝ ባለጭራ ሥጋት አላቸው፤ ማርገዝ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ከአዲስ መድኃኒት ይልቅ አሮጌውን ቶሎ መስጠት የበለጠ ሊጠቅም እንደሚችል ያሳየው ግን በ2024 የታተመው የእንግሊዞቹ ፕሮፋይል ጥናት ነው። ክሮን ገና የተገኘባቸው 386 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ኢንፍሊክሲማብና የመከላከያ ኃይል ማለዘቢያ ክኒን ከመጀመሪያው አንስቶ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ከቀላሉ ጀምረው ሲያገረሽባቸው ደረጃ በደረጃ ወጡ። በ48ኛው ሳምንት ያለ ኮርቲዞንና ያለ ቀዶ ሕክምና ደህና ሆነው የቀጠሉት በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 79፣ በሁለተኛው ከመቶ 15 ነበሩ። ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው። “መጀመሪያ ትንሽ እንሞክር፣ ጠንካራውን ለኋላ እናስቀምጥ” የሚለው አስተሳሰብ፣ በሐኪምም በሕመምተኛም ዘንድ ጥንቃቄ መስሎ ሲታይ የኖረው፣ ብዙ አንጀት አስቆርጧል። በጊዜ ሐኪም ዘንድ የቀረበና “ጨጓራ ነው” እያለ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው እኩል ዕድል የላቸውም ማለት ነው።

አሁን የሁሉም ዓይን ያረፈው ቲኤል1ኤ በተባለው መልእክተኛ ላይ ነው። ይህ ቁጣን ብቻ ሳይሆን አንጀት የሚያጠብበውን ጠባሳም ያግዛል ተብሎ ይታመናል፤ ስለዚህ ማገድ ከተቻለ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ቱሊሶኪባርት የተባለው መድኃኒት በሁለተኛ ደረጃ ሙከራ፣ በ2024 በወጣው ውጤት፣ በ12 ሳምንት ውስጥ ከመቶ 26 ለሚሆኑት የኮላይቲስ ሕሙማን በሽታውን አርግቧል፤ ባዶ መርፌ ከተወጉት የረገበላቸው ከመቶ 1 ብቻ ናቸው። የባዝሉ ሮሽ ኩባንያም ወደ ኋላ አልቀረም። በጥቅምት 2023 አፊምኪባርት የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት የያዘውን ድርጅት በ7.1 ቢሊዮን ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ለመግዛት መስማማቱን አስታውቆ ሦስተኛውን ደረጃ ሙከራ ጀምሯል። ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ማለት ገና ፈቃድ ያላገኘ ማለት ነው፤ በሙከራው ውስጥ ለመግባት የሚፈልግ ሰው ሐኪሙን ሊጠይቅ ይችላል።

በሎንዶን የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም ተመራማሪዎች ደግሞ በ2024 ኢቲኤስ2 የተባለ ዘረመል ቁጣውን እንደ አዛዥ ሆኖ እንደሚመራ ገልጠዋል። ይህ ወደ መድኃኒትነት እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው።

ተስፋ ሁሉ ፍሬ አላፈራም። በአንድ ወቅት የሆድ ትል ያለበት አገር ክሮን ስለማይታይበት ትሉ ራሱ መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ነበር። በ2005 አሜሪካ አይዋ ውስጥ የአሳማ ትል እንቁላል የጠጡ የኮላይቲስ ሕሙማን ከመቶ 43 ተሻላቸው፤ ባዶውን ከጠጡት ከመቶ 17። ዓለም ተደነቀ። በ2013 በክሮን ሕሙማን ላይ የተደረገው ሰፊ ሙከራ ግን ምንም ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። ለፊስቱላ ተብሎ በ2018 በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው የግንድ ሕዋስ መርፌም በኋላ ጥናቱ ስላልደገፈው በ2024 መጨረሻ ከገበያ ወጥቷል። በመጽሔት ላይ “ክሮን ድል ሆነ” የሚል አርዕስት ያየ ሰው እነዚህን ሁለቱን ቢያስታውስ አይከፋም።

ኢንሹራንስ፣ ቁልፍና አስተርጓሚ

የስዊዘርላንድ የአንጀት መቆጣት ሕሙማን መዝገብ በ2006 ተቋቁሞ ከዙሪክ፣ ከበርን፣ ከባዝል፣ ከሎዛን፣ ከጄኔቫና ከሌሎችም ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቷል። የሚሳተፉ ስደተኞች በበዙ ቁጥር ስለ ስደተኞች የሚታወቀውም ይበዛል።

መድኃኒቶቹ ውድ ናቸው። ለብዙዎቹ ሐኪሙ አስቀድሞ ለኢንሹራንሱ አማካሪ ሐኪም ጽፎ የወጪ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በየዓመቱ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው የ2,500 ፍራንክ ፍራንሺዝ መያዙ ኪሳራ ነው። በ2025 ዝቅተኛው የአዋቂ ፍራንሺዝ 300 ፍራንክ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከመቶ 10 ተካፋይነት እስከ 700 ፍራንክ ይከፈላል። ፍራንሺዝን ዝቅ ለማድረግ የሚጻፈው ደብዳቤ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲያገለግል እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ኢንሹራንሱ እጅ መግባት አለበት። ሌላም አለ፤ ከ2024 ጀምሮ ርካሽ ተመሳሳይ እያለው ውዱን ዋና መድኃኒት ያለ ሕክምና ምክንያት የመረጠ ሰው ተካፋይነቱ ከመቶ 40 ሊሆን ይችላል። ባዮሲሚላር የሚባሉት ተመሳሳዮች በሥራቸው አያንሱምና “ርካሹን ሰጡኝ” ብሎ መቀየም አያስፈልግም። ጥገኝነት ጠያቂዎችም የመሠረታዊ ጤና ኢንሹራንስ አላቸው፤ ሕክምና የሚከለክል ወረቀት የለም።

ዩሮኪ የሚባል ቁልፍ አለ። በጣቢያዎችና በአደባባዮች ያሉትን የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃዎች ይከፍታል። የአንጀት መቆጣት ያለበት ሰው በሐኪም ማስረጃ ሊያገኘው ይችላል። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ትራም ውስጥ ያለን ሰው ላብ ከሚያደርቁ ነገሮች አንዱ ይህ ቁልፍ ነው። ክሮን ኮሊቲስ ሽቫይትስ የተባለው የሕሙማን ማኅበርም በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ምክር ይሰጣል። ለሐኪም ቀጠሮ ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅ ይገባል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ሰገራ ለሐኪም እንዲተረጉም ማድረግ ለእናትም ለልጅም ከባድ ነው፤ እናት ግማሹን ትውጠዋለች፣ ልጅ ሌላውን ግማሽ።

ጾምን በተመለከተ፣ የታመመ ሰው እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፤ የንስሐ አባትን ማነጋገር ነው። በሽታው በተነሳበት ወቅት ጥራጥሬና ጥሬ ቅጠል የሚከብደው፣ በርበሬ የሚያቃጥለው ሰው አለ፤ ግን ቁጣውን የሚያመጣው በርበሬ አይደለም። ደም ማነስም የዚህ በሽታ ጓደኛ ነው። ብረት በክኒን የማይስማማው ሰው በደም ሥር ሊሰጠው ይችላል። ኮላይቲስ ከስምንት ዓመት በላይ የቆየበት ሰው ደህና ሆኖ ቢሰማውም የካንሰርን ምልክት ለመጠበቅ በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ ማድረግ ይኖርበታል።

አገር ቤት ሲኬድ

በ2014 የዙሪክ ተመራማሪዎች 103 ሕሙማንን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ በሽታው ያገረሸባቸው ሰዎች ከማገርሸቱ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት በአውሮፕላን የመብረር ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ የመውጣት ታሪክ ካላገረሸባቸው ይልቅ በዝቶ ተገኝቶባቸዋል። ጥናቱን ሲያደርጉ ያሰቡት ስለ አልፕስ ተራሮች ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አንባቢ ያውቃል። ይህ ማለት አገር ቤት አትሂዱ ማለት አይደለም፤ በሽታው በተነሳበት ሰሞን ሳይሆን በረገበበት ጊዜ ትኬት መቁረጥ፣ መድኃኒትንም ሳያቋርጡ መሄድ ማለት ነው።

ባዮሎጂክ የሚወስድ ሰው ሕያው ክትባት፣ ለምሳሌ የቢጫ ወባን፣ መከተብ የለበትም፤ ከጉዞው ወራት አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ፣ ለበዓል ቢሆንም፣ ይቆየው። በእርግዝናዋ ወቅት ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የወሰደች እናት ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃ መያዝ አለባት። መድኃኒቱ ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ በሕፃኑ ደም ውስጥም ለወራት ይቆያል። ቢሲጂ የተባለው የቲቢ ክትባት ሕያው ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ቢሲጂ ተከትቦ እንግሊዝ ውስጥ መሞቱ በ2010 ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሲጂ የሚሰጠው ገና እንደተወለዱ ነው። አራስ ልጇን ይዛ የሄደች እናት ጤና ጣቢያ ስትገባ አያት በቅንነት “ክትባቱን አስጨርሺው እንጂ” ቢሏትም፣ የስዊዘርላንዱ ሐኪም የጻፈላትን ወረቀት በእንግሊዝኛ ይዛ መገኘት ይኖርባታል።

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በረዶ ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አይጫንም፤ በትንሽ ማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ ከሐኪም ማስረጃ ጋር፣ በእጅ ይያዛል። አዲስ አበባ ሲደርሱም የሚያርፉበት ቤት ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው።